ባለ 10 እጥፉ የእጅ አጉሊ መነጽር፦ ተጠቅልላ ድብልብል በምትል ጥንዚዛ ላይ ሲፈተን

ሥራዬ ሰዓት መጠገን ነው። ቀኑን ሙሉ ዓይኔ ላይ ሌንስ ሰክቼ ስለምውል ጥሩውን ከመናኛው መለየት ለኔ የሙያ ጉዳይ ነው። ከሥራ የተረፈውን ጊዜ ደግሞ ጥንዚዛ ይወስደዋል፤ በተለይ ስካራብ የሚባሉት። አንድ አጉሊ መነጽር እጄ ሲገባ ታዲያ መጀመሪያ የምጠይቀው "በዚህ የጥንዚዛ አንቴና ይታያል ወይ?" ብዬ ነው።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ባለ 10 እጥፍ መነጽር ነው። ታጥፎ ብረት ሽፋኑ ውስጥ ይገባል፣ ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። ሌንሱ ሦስት መስታወት ተጣብቆ የተሠራ ነው። የአልማዝን ጥራት ለመመዘን የሚጠቀሙበት ያው ዓይነት ነው። አምራቹን አልጠራም። ተመሳሳዩን የሚሠሩት ብዙ ናቸው፣ የምለውም ለሁሉም ይሠራል።

የፈተንኩት ግን ቀላል ነገር ላይ አይደለም። ጋሼ የምላቸው አንድ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ከስብስባቸው ትንሽ ሳጥን አዋሱኝ። "እስቲ ይቺን በመነጽርህ እያትና የማን ዘመድ እንደሆነች ንገረኝ" አሉኝ። ሳጥኑ ውስጥ አራት ጥንዚዛዎች አሉ። ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። አንዷ ተዘርግታለች፣ አንዷ ተጠቅልላለች። በጣም ትንንሽ ስለሆኑ ስፒል አልተሰካባቸውም፤ ካርቶን ላይ ነው የተለጠፉት። ሦስተኛው ሂቦሶረስ ኢሊጌሪ የሚባል ቡናማ ጥንዚዛ ነው። አራተኛው የእበት ጥንዚዛ።

የተጠቀለለችዋ ሥር ያሉትን ወረቀቶች ማንበብ ራሱ ደስ ይላል። አንደኛው ከምስጥ ኩይሳ ውስጥ እንደተገኘች ይናገራል። ሁለተኛው ላይ በቀለም "ሴራቶካንቲዴ" ተብሎ ተጽፏል፤ የቤተሰቡ ስም ነው፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚሰበሰቡበት ትልቅ ምድብ። ከዚያ ሌላ እጅ በእርሳስ የመጨረሻዋን ፊደል ሰርዞ "ሴራቶካንቲኔ" አድርጎታል። እንዲህ ሲሆን ቤተሰብ መሆኑ ቀርቶ የሌላ ቤተሰብ ንዑስ ክፍል ሆነ ማለት ነው። የዝርያው ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። አንዲት ሚጢጢ ጥንዚዛ፣ ሁለት አድራሻ፣ የራሷ ስም ግን የለም። ይቺን ነው መነጽሩ እንዲያሳየኝ የፈለግኩት።

መጀመሪያ ስለ ሌንሱ። ሳጥን ላይ የተጻፈ ቁጥር አይታመንም። ሰዎች "30 እጥፍ ነው" ብለው የሚያመጡልኝ ሰፋ ያለ መነጽር ብዙ ጊዜ ከ10 አያልፍም። ይሄን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ከመስኮት ራቅ በሉ። ሌንሱን ነጭ ወረቀት ፊት ያዙና የመስኮቱ ምስል ወረቀቱ ላይ ጥርት ብሎ እስኪታይ አቅርቡት፣ አርቁት። ከዚያ በሌንሱና በወረቀቱ መካከል ያለውን ርቀት በማስመሪያ ለኩ። 250 ሚሊሜትርን ለዚያ ርቀት ስታካፍሉ የሚመጣው ቁጥር የማጉላት አቅሙ ነው። 25 ሚሊሜትር ከሆነ 10 እጥፍ ነው። እውነተኛ 30 እጥፍ ቢሆን ርቀቱ 8 ሚሊሜትር ገደማ ነበር የሚሆነው። እንደዚያ ያለ ሌንስ ደግሞ የግድ ጠባብ ነው። ሰፊ ሆኖ 30 እጥፍ የሚል ካያችሁ ቁጥሩ ውሸት ነው። (ሙከራውን በፀሐይ አታድርጉ፤ ወረቀቱም ይቃጠላል፣ ዓይንም ይጎዳል።) የኔው መነጽር ይህን ፈተና አልፏል።

ሁለተኛው ፈተና ጠርዝ ነው። ባለ ሚሊሜትር ማስመሪያ አስቀምጣችሁ እዩበት። ባለ አንድ መስታወት ሌንስ ከሆነ መስመሮቹ ወደ ዳር ሲደርሱ ይጎብጣሉ፣ ጎናቸው ላይም ሰማያዊና ቀይ ጥላ ይወጣል። ሦስት መስታወት የሚጣበቀው ይሄን ለማረም ነው። በዚህኛው መስመሮቹ እስከ ዳር ድረስ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ቀለም የሚባል ነገር አላየሁም። ለጥንዚዛ ይሄ ቅንጦት አይደለም። ብዙ ስካራቦች በተፈጥሯቸው አረንጓዴና መዳብ ይመስላሉ። ሌንሱ የራሱን ቀለም ከጨመረበት ያያችሁት የጥንዚዛዋ ይሁን የመስታወቱ አታውቁም።

አያያዙ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል። መነጽሩን ጥንዚዛዋ ላይ አስጠግቶ ራሱ ከሩቅ ሆኖ ያያል። ከዚያ "ምንም አይታይም" ይላል። መነጽሩ ዓይን ላይ ነው መጠጋት ያለበት፣ ቅንድብ እስኪነካ። የያዘው እጅ ጉንጭ ላይ ይደገፍ። ከዚያ ጥንዚዛዋን በሌላ እጃችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ዓይናችሁ አምጡ። ሁለተኛውን ዓይን አትጨፍኑ፤ ቶሎ ይደክማችኋል። ብርሃን ከጎን ይምጣ። የምታዩት ነገር የሚያብለጨልጭ ከሆነ በመብራቱና በጥንዚዛዋ መካከል ስስ ነጭ ወረቀት ጣል አድርጉ።

እንግዲህ ወደ ተጠቀለለችዋ። በባዶ ዓይን ጥቁር ዶቃ ነች። እግር የላት፣ ራስ የላት። መነጽሩ ሥር ስትገባ ግን ዶቃው በስፌት የተከፋፈለ ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ የሚታየው ከላይ ያለው የክንፍ ሽፋን ነው፤ ሁለት ሆኖ መሐሉ ላይ ቀጥ ባለ መስመር ይገናኛል። ቀጥሎ የደረቷ ጋሻ። በ10 እጥፍ ጥርት ብሎ የሚታየው ውፍረት ትንሽ ስለሆነ ሁሉን በአንዴ ማየት አይቻልም። ጉብታው ሲጠራ ጎኑ ይደበዝዛል። ስለዚህ ካርቶኑን በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያልኩ ዞርኳት። ከዚያ በጎን በኩል የሌላ ቁራጭ ጠርዝ አየሁ። ጠፍጣፋ ነው፣ ከክንፉ ሽፋን ጋር እኩል ገጥሟል፣ መሐላቸው ክፍተት የለም። ይሄ እግሯ ነው!

የመካከለኛውና የኋላኛው እግር ቅልጥሞች ሰፍተው፣ ጠፍጥፈው፣ ሲታጠፉ የኳሱ ግድግዳ ይሆናሉ። ጣቶቹ፣ አንቴናው፣ አፉ፣ ለስላሳው ሆዷ ሁሉ ውስጥ ይቀራል። የራሷ ጠርዝ ደግሞ መጥቶ የቀረውን ይዘጋል። በሙያዬ ብዙ የረቀቀ ማጠፊያ አይቻለሁ። አምስት ሚሊሜትር በማይሞላ ነገር ላይ ግን ይሄን ያህል ቁራጭ ያለ ክፍተት ሲገጥም አይቼ አላውቅም። ቀስ እያልኩ ዙሪያዋን ስመረምር አመሸሁ።

ለዚህ ሥራ 10 እጥፍ ትክክለኛው ልክ ነው። በ20 እጥፍ ሞክሬዋለሁ። ስፌቱ በጣም ይጎላል፣ ነገር ግን የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጋር እንደገጠመ ይጠፋችኋል። የሚታየው ሜዳ ይጠባል፣ ብርሃን ያንሳል፣ ጥንዚዛዋንም ሌንሱን ሊነካ እስኪደርስ ማቅረብ ግድ ይላል። 20 እጥፍ ሁለተኛ መነጽር ነው፤ የመጀመሪያ አይሁን።

አሁን የጋሼ ጥያቄ። የማን ዘመድ ናት?

መልሱን ለመፈለግ ከሌሎቹ ሁለቱ ጀመርኩ። የእበት ጥንዚዛውን ከላይ ሳየው አፉ አይታይም። የራሱ ፊት ለፊት ክፍል እንደ ጋሻ ወጥቶ መንጋጋውን ሸፍኖታል። የኋላ እግሩ ቅልጥም ጫፍ ላይ አንድ እሾህ ብቻ አለ። ወደ ሂቦሶረስ ስሄድ ነገሩ ይለወጣል። ከላይ ስታዩት መንጋጋውና የላይኛው ከንፈሩ ከፊቱ ወጥተው ይታያሉ። ቅልጥሙ ጫፍ ላይ ያሉት እሾሆች ሁለት ናቸው። ከሁሉ የሚያምረው አንቴናው ነው። የስካራቦች አንቴና ጫፍ ላይ የተደራረቡ ስስ ቅጠሎች አሉ። በእበት ጥንዚዛው እነዚህ ተከፍተው ይዘጋሉ። በሂቦሶረስ ግን ከሦስቱ የመጀመሪያው ጎድጓዳ ሆኖ ሁለቱን ውስጡ ይቀበላቸዋል። ይሄን ሁሉ በኪስ መነጽር ማየት ይቻላል። ድሮ ሂቦሶረስና ዘመዶቹ ከእበት ጥንዚዛው ጋር በአንድ ቤተሰብ ይቆጠሩ ነበር። ዛሬ ሂቦሶሪዴ የሚባል የራሳቸው ቤተሰብ አላቸው። ለምን እንደተለዩ መነጽሩ በአንድ ምሽት ያሳያችኋል።

የተዘረጋችዋ ተጠቅላይ ግን እንዲህ በቀላሉ አትመልስም። አንቴናዋ ጫፍ ላይ ሦስት ቅጠል አለ፤ የመጀመሪያው ግን እንደ ሂቦሶረስ ጎድጓዳ አይደለም። እግሯ ከሁለቱም አይመስልም። በመልክ ብቻ ብትፈርዱ ለብቻዋ ቤተሰብ ትሰጧታላችሁ። ብዙ ሊቃውንት ያደረጉትም ይሄንኑ ነው።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1819 ዊልያም ሻርፕ ማክሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከእነዚህ ተጠቅላዮች አንዷን አካንቶሴረስ ኤኔየስ ብሎ ሰየማት። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የምትኖር፣ ብዙ የማትገኝ ዝርያ ናት። ማክሌይ ራሱ የሚገርም ሰው ነበር። ፍጥረት ሁሉ በአምስት በአምስት ተመድቦ በክብ ይደረደራል ብሎ ያምን ነበር፣ ይሄንንም ሐሳብ የጀመረው ከስካራቦች ነው። ሐሳቡ ለጥቂት አሥርት ዓመታት ተከታይ አግኝቶ ቀረ። የሰጠው የወገን ስምም (ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያው፣ አካንቶሴረስ) አልሰነበተም፤ ለሌላ ነፍሳት አስቀድሞ የተሰጠ ሆኖ ተገኘ። በ1842 ዋይት የተባለ ሊቅ ሴራቶካንተስ ብሎ ቀየረው። በ1847 ኤሪክሰን የተባለ ሌላ ሊቅ የሂቦሶረስን ዘመዶች በአንድ ስም ሰበሰባቸው። ተጠቅላዮቹ ግን ለብቻቸው ቆዩ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፖሊያን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ የዓለምን ተጠቅላዮች እንደገና ሲመረምር ቤተሰባቸውን ሴራቶካንቲዴ ነበር የሚለው። የጋሼ ወረቀት ላይ በቀለም የተጻፈው ይሄ ነው።

እርሳሱ የመጣው ቆይቶ ነው። በ2004 ግሬበኒኮቭ፣ ባለሪዮ፣ ኦካምፖና ሾልትስ የተባሉ ተመራማሪዎች የሁለቱን ቤተሰቦች፣ የሂቦሶሪዴንና የተጠቅላዮቹን፣ እጮች አነጻጸሩ። ያገኙት ነገር ብዙ ነገር አናጋ። ከሂቦሶሪዴ አንዳንዶቹ ከገዛ ቤተሰባቸው አባላት ይልቅ ለተጠቅላዮቹ ይቀርባሉ። እንደዚያ ከሆነ ተጠቅላዮቹን ለብቻ ማውጣት የቀረውን ቤተሰብ ጎዶሎ ያደርገዋል። በ2006 ኦካምፖና ሆክስ በዲኤንኤ አይተው ተጠቅላዮቹን ከሂቦሶሪዴ ውስጥ አስገቧቸው። በ2016 ባለሪዮና ግሬበኒኮቭ ተመልሰው የአዋቂዎቹን አካል መረመሩ፣ መጠቅለል ከየት እንደጀመረም ጠየቁ። ሁሉም እኩል የሚጠቀለሉ አይደሉምና። ከምስጥ ጋር ከሚኖሩት መካከል ሙሉ በሙሉ ድብልብል የማይሉም አሉ። ዛሬ ብዙዎቹ ሴራቶካንቲኔን የሂቦሶሪዴ ንዑስ ቤተሰብ አድርገው ይጽፋሉ። በየስብስቡ ያለው የድሮ ወረቀት ግን እንዳለ ነው። ውስጥ ለውስጥም ማን ለማን ይቀርባል የሚለው ገና አከራካሪ ነው።

ይሄን ሁሉ የምተርከው የመነጽሩን ድንበር በትክክል ስለሚያሳይ ነው። በ2004ቱ ጥናት ነገሩን የለወጠው የእጭ አካል ነው፤ የአፍ ክፍሎችን የመሰለ ረቂቅ ነገር በኪስ ሌንስ አይደረስበትም። ዲኤንኤውን አናነሳውም። ዝርያ ለመለየት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የወንዱን ብልት አውጥቶ ማየት ይጠይቃል። ለዚህ ሁለት እጅ ነፃ የሚያደርግ የጠረጴዛ ማይክሮስኮፕና ቀጭን ወረንጦ ያስፈልጋል። ተጠቅልላ የደረቀች ጥንዚዛ ደግሞ በእርጥበት ሳትለሰልስ አትከፈትም፤ በግድ ብትሞክሩ እግሯ ይሰበራል። መነጽሩ ከውጭ ያለውን ብቻ ነው የሚያነብላችሁ።

ለጋሼ የሰጠሁት መልስም እስከዚያው ድረስ ነው። "ስካራቦች በሚሰባሰቡበት ትልቁ ክፍል ውስጥ ናት። የእበት ጥንዚዛው የቅርብ ዘመድ አይደለችም። ከተጠቅላዮቹ ናት። ከዚህ በላይ በዚህ ሌንስ አልሄድም።" እሳቸውም ራሳቸውን ነቅንቀው "እርሳሱ ልክ ነው ትላለህ?" አሉኝ። በመነጽር ያየሁት ለቀለሙ ያደላል፤ ያነበብኩት ለእርሳሱ። እኔ እርሳሱን ነው የማምነው። የእጭና የዲኤንኤ ምስክርነት በተለያየ መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ ከደረሰ፣ ለየት ያለ እግር አይቶ ብቻ ቤተሰብ መለየት አይበቃም። እንዲያውም ልዩ የሆነ ቅርጽ ነው ሰውን የሚያሳስተው። መጠቅለልን የመሰለ ጎልቶ የሚታይ ነገር ሌላውን ሁሉ ይጋርዳል።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ቅሬታዬ አንድ ነው፣ ግን ቀላል አይደለም። ሌንሱን ከሽፋኑ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ቶሎ ይላላል። ሲላላ ሌንሱ በራሱ ይወርዳል፣ ኪስ ውስጥም ተከፍቶ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ይፋጫል። እኔ ብሎኑን አውጥቼ ክሩ ላይ በጣም ትንሽ የብሎን ማጣበቂያ ነካ አድርጌ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። የሰዓት ብሎን መፍቻ የሌለው ሰው ግን ምን ያድርግ? አምራቾቹ ሊያስተካክሉት የሚገባ ነገር ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው የገመድ ቀዳዳ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ገመድ አስገብታችሁ አንገታችሁ ላይ አድርጉት። የሚያብለጨልጨው ነጭ ብረት ግን ብርሃን ወደ ጥንዚዛዋ ይመልሳል። ጥቁር ቀለም ያለው አካል ካገኛችሁ እሱን ምረጡ።

ትንሽ መብራት የተገጠመላቸውም አሉ። መብራቱ ከሌንሱ ዙሪያ ፊት ለፊት ስለሚመታ የሚያብለጨልጭ ጥንዚዛ ላይ ነጭ ነጥብ ይሠራል፣ ጉድጓድና ጉብታውንም ያጠፋዋል። ደብዛዛ ጠጉራም ለሆኑት ምንም አይልም። ለተጠቅላዮች ግን ከጎን የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ይበልጣል።

ሌንሱን በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ። መጀመሪያ አቧራውን በአየር አራግፉ፣ ከዚያ በንጹሕ የመነጽር ጨርቅ። ሦስቱን መስታወት የያዘው ማጣበቂያ ስለሆነ ፈሳሽ ውስጥም አትንከሩት። ጥንዚዛ አልኮል ውስጥ ለሚያስቀምጡ ሰዎች ይሄ ዋና ነገር ነው፤ ጣታችሁ ርሶ መነጽሩን አትያዙ።

ለማን ይሆናል? ነፍሳት ማየት ለጀመረ ሰው ያለ ጥርጥር። የራሱ ማይክሮስኮፕ ላለውም ጭምር፤ ማይክሮስኮፕ ኪስ ውስጥ አይገባም። ለልጆች የምትገዙ ከሆነ ግን ርካሹ ባለ አንድ መስታወት ባለ 5 እጥፍ ይበቃል። ራቅ አድርጎ ማየት ይቻላል፣ ቶሎም ተስፋ አያስቆርጥም። ዝርያ ድረስ ስም ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ይሄ መነጽር ብቻውን አይበቃም፤ ገንዘቡን ለጠረጴዛ ማይክሮስኮፕ ያጠራቅም።

የጋሼን ሳጥን እስካሁን አልመለስኩም። ሂቦሶረሱን በደንብ አላየሁትም፤ የመንጋጋው ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር በ20 እጥፉ ማየት እፈልጋለሁ።